ገንዘባችን ቢያንስም እውነቱን ንገሩን

ስልክ ለመግዛት አስቦ ኪሱ ያልሞላለት ሰው ድካሙ የሚጀምረው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ያለችውን ብር ይቆጥራል፤ የሚያውቀውን ሁሉ ይጠይቃል፤ የቴሌግራም ቻናሎችን እየከፈተ ዋጋ ሲያይ ያመሻል። ከአንዱ የሰማው ከሌላው አይገጥምም። አንዱ «ሳምሰንግ ካልሆነ እንዳትነካ» ይለዋል። ሌላው «በዚህ ብር ሳምሰንግ ብትገዛ ስሙን ነው የምትገዛው፤ ቴክኖ ወይም ሬድሚ ይሻልሃል» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ «አዲስ ምን ያደርግልሃል? ያገለገለ አይፎን ያዝ» ይላል። ሁሉም የሚመክሩት ከልባቸው ነው። ሰውየው ግን ከበፊቱ ይበልጥ ግራ ተጋብቶ ይተኛል። ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል።

«ስልክ እኮ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚሉ አሉ። እነሱ ስልክ የሚቀይሩት የድሮው ሲሰለቻቸው ነው። እኛ የምንቀይረው የድሮው አልሠራ ሲለንና ያለ እሱ ኑሯችን አልንቀሳቀስ ሲል ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ፣ የነዳጅ ግዢ ሳይቀር ወደ ስልክ ገብቷል። ባንኩ መተግበሪያውን አውርዱ ይላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚታየው በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት ነው። የፓስፖርት ማመልከቻ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። መምህሩ ማስታወሻውን በቴሌግራም ግሩፕ በፒዲኤፍ ይለቀዋል፤ ያላየ ተማሪ የራሱ ጉዳይ ነው። በእርግጥ *127# ደውሎ በተራ ስልክም በቴሌብር መጠቀም ይቻላል፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ፒዲኤፍ ግን በተራ ስልክ አይነበብም። ቤሩት ወይም ሪያድ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ፊቷን ለእናቷ የምታሳየው በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው፤ ያ ደግሞ ስማርት ስልክ ይፈልጋል። ስለዚህ «ቅንጦት» የሚለውን ቃል ከዚህ ጉዳይ ያንሱልን።

ዋጋውን እናንሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በአንድ ቀን ልዩነት ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ወር ሳይሞላው 100 ብርን አለፈ። በ2018 ዓ.ም በባንክ ከ140 ብር በላይ ሆነ። በውጭው ዓለም 100 ዶላር የሚያወጣ ስልክ ከዓለም ገበያ ዝቅተኛ ከሚባሉት ተርታ ነው። በድሮው ተመን 5,700 ብር ነበር፤ በአዲሱ ከ14,000 ብር በላይ ሆነ። ይህ ቀረጡ፣ ማጓጓዣው፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይገቡበት ነው። «አገር ውስጥ የሚገጣጠም አለ» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ቴክኖን የሚያመርተው ትራንሽን ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከከፈተ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ስክሪኑም፣ ባትሪውም፣ ቺፑም የሚመጣው ከውጭ በዶላር ስለሆነ ዶላር ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል።

አሁን ደመወዙን አጠገቡ አስቀምጡት። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ዝቅተኛው መነሻ 6,000 ብር ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር ወጣት 11,500 ብር ያገኛል። አራት ዓመት ተምሮ የተመረቀ ልጅ ከወር ደመወዙ ሳንቲም ሳያነሳ፣ ሳይበላና የቤት ኪራይ ሳይከፍል እንኳ ያችን የ100 ዶላር ስልክ መግዛት አይችልም። ዝቅተኛው መነሻ የሚከፈላት የጽዳት ሠራተኛማ የሁለት ወር ደመወዟን ይዛ ብትሄድም አይሞላላትም። ስለዚህ ስልክ በዕቁብ ይገዛል፤ በብድር ይገዛል፤ እህትና ወንድም አዋጥተው ይገዛሉ። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የኮምፒውተር ማዕከላት የሜሞሪ ቺፑን ገበያ ስለተሻሙት የቺፕ ዋጋ በዓለም ደረጃ ናረ። ትርፋቸው ጠባብ የሆነው ርካሾቹ ስልኮች ናቸውና ጭማሪውን መሸከም የማይችሉትም እነሱ ናቸው። አሜሪካና ቻይና በሚገነባ ማዕከል የተነሳ የእኛ ርካሽ ስልክም ይወደዳል።

የዋጋውን ውድነት እንኳ ሆድ ይፍጀው ብለን እንለፈው። የዶላር ተመን በአንድ ባለ ሱቅ እጅ አይደለም። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ትንሽ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ትክክለኛ መረጃም ትንሽ ብቻ እንዲደርሰው የተፈረደበት ይመስላል። አንድ መቶ ሺህ ብር ይዞ የሚገባ ደንበኛ ቢሳሳት እንኳ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ የገዛው ስልክ በየትኛውም መለኪያ ይሠራለታል። አሥራ አምስት ሺህ ብር ይዞ የሚገባው ግን አንዲት ስህተት ለሁለትና ለሦስት ዓመት ታስቀጣዋለች። ከሁሉ ይበልጥ እውነት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከሁሉ ያነሰ እውነት የሚነገረውም እሱ ነው።

ሱቁን እንመልከት። መርካቶም ሂዱ፣ መገናኛም ሂዱ፣ ቦሌም ሂዱ፣ መስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ስልክ ላይ ዋጋ የለጠፈ ጥቂት ነው። ዋጋ መጠየቅ አለባችሁ፤ ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚያየው ጫማችሁን ነው። አንድ ስልክ በአንድ ሕንጻ ውስጥ በሦስት ፎቅ ሦስት ዋጋ አለው። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡት ደግሞ ፎቶውን አሳምረው ለጥፈው ዋጋውን «በውስጥ መስመር» ይላሉ። ለምን? ዕቃው ለሁሉም አንድ ከሆነ ዋጋው ለምን በጆሮ ይነገራል? ተከራክራችሁ ከተስማማችሁ በኋላ ደረሰኝ ስትሉ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ትባላላችሁ። ልዩነቱ ለእኛ የሳምንት አስቤዛ ነውና ያለ ደረሰኝ እንወስዳለን። ስልኩ በሳምንቱ ሲበላሽ ግን መሟገቻ የምትሆነን ወረቀት በእጃችን የለችም። ምርጫ የተሰጠን ይመስላል እንጂ ምርጫ አይደለም።

በዕድሜ የገፉ እናት ሲገቡማ ነገሩ ይብሳል። «ማዘር፣ ይሄ ለእርስዎ ይበቃዎታል» ይባሉና ከሁሉ ያረጀው ሞዴል ይወጣላቸዋል። ምን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው የለም። እሳቸው የሚፈልጉት ጎላ ያለ ፊደል፣ ጥርት ያለ ድምፅና የልጃቸው ፊት የሚታይበት ስልክ ነው። ይህን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ከሻጩ ቀጥሎ የሚያደክመን ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8 ጊጋ ራም» ተብሎ ይጻፋል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «4+4» የሚል አለ። እውነተኛው ራም፣ ማለትም ስልኩ ሥራውን የሚያከናውንበት ፈጣን ማኅደር፣ 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ ሌላው 4 ጊጋ ከማከማቻው ተቆርሶ እንደ ራም እንዲያገለግል የተደረገ ነው። የዝቅተኛ ስልክ ማከማቻ ብዙውን ጊዜ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ስለሆነ ከእውነተኛው ራም ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ነገር የለውም፤ በዚያ ላይ ፎቶ የምናስቀምጥበትን ቦታ ይሻማል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ቴክኒኩ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ጥቂት ይረዳ ይሆናል። ግን 4 እና 4 ተደምረው 8 ተብለው ለማያውቅ ሰው ሲሸጡ ሰውየው ባላገኘው ነገር ከፍሏል።

ካሜራውም እንዲሁ ነው። ከጀርባው ሦስት ወይም አራት ክብ መስታወት ይደረደራል። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ፎቶ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ሌላው 0.08 ሜጋፒክስል የሆነ፣ ለስሙ «ኤአይ ሌንስ» የተባለ ረዳት ወይም መብራት ወይም ባዶ ጌጥ ነው። 50 ሜጋፒክስል የሚለው ቁጥር ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ጥሩ ይሆናል፤ ማታ ቤት ውስጥ የልጅ ልደት ሲነሳ ግን ምስሉ ጭጋግ ይመስላል፤ ማታ የሚወስነው የሴንሰሩ ስፋትና የሌንሱ ጥራት ነውና። እነዚህ ካርቶኑ ላይ የሉም። ስክሪኑም 6.7 ኢንች ተብሎ ይወደሳል፤ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ያለው ጥራት 720 ፒክስል ብቻ መሆኑን የሚነግረን የለም። ፒዲኤፍ ላይ ያለውን ደቃቅ የአማርኛ ጽሑፍ ለማንበብ የሚታገለው ተማሪ ግን በዓይኑ ያውቀዋል።

ከዚያ ካርቶኑ ሲከፈት ቻርጀር የለበትም። ሳምሰንግን የመሳሰሉ ትልልቅ አምራቾች ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል ነው ብለው ቻርጀሩን ካወጡት ቆይቷል። ቤቱ አምስት ቻርጀር ላለው ሰው ምንም አይደለም። የመጀመሪያ ደህና ስልኩን ለሚገዛው ሰው ግን በጀቱ ውስጥ ያልነበረ ወጪ ነው። እውነተኛው ቻርጀር ውድ ስለሆነ ከመንገድ ዳር አስመስሎ የተሠራው ይገዛል፤ እሱ ደግሞ ይግላል፣ ባትሪ ይጎዳል፣ መብራት መጥቶ ሲሄድ ይቃጠላል።

ስልኩ ቤት ገብቶ ሥራ ሲጀምር የማከማቻ ሰቀቀን ይከተላል። 32 ጊጋ የተባለ ስልክ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ራሱ ሲስተሙና አብረውት የተጫኑት መተግበሪያዎች ናቸው። ካልጠየቅናቸው መተግበሪያዎች ውስጥ የማይጠፉ አሉ፤ ማስታወቂያ የሚልኩ አሉ፤ ስልኩ ሲከፈት የማናውቀውን ጨዋታ አውርዱ የሚሉ አሉ። እነዚህ ማስታወቂያዎች የሚበሉት እኛ በብር የገዛነውን ዳታ ነው። ቴሌግራም በበኩሉ የከፈትነውን ሁሉ እያከማቸ ይሞላል። ከዚያ «ማከማቻዎ ሞልቷል» ይመጣል። ሰው ፎቶ ማጥፋት ይጀምራል። የትኛው ይጥፋ? የልጅ የመጀመሪያ እርምጃ? የሟች አባት ድምፅ? ለተጨማሪ 32 ጊጋ የሚሆን ገንዘብ ያጣ ቤተሰብ ትዝታውን እየመረጠ ያጠፋል። ይህን ያየሁባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሲያጠፉ ፊታቸው ላይ የሚታየው ነገር ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ማንም የማያነሳው ነገር አለ፤ የስልኩ ዕድሜ። ስልክ እንደ ድስት አይደለም፤ አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላክ ሲያቆም ስልኩ እየሠራም ቢሆን ያረጃል። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ06 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ የአራት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ተገብቶለታል። በዚያው ዓመት የወጣውና ትንሽ ከፍ የሚለው ኤ16 ስድስት ዓመት ተሰጥቶታል። ሌሎች ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ሁለት ዓመት ከሆነላቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ጭራሽ ምንም ቃል ያልተገባላቸውም አሉ። ቆጠራው የሚጀምረው ደግሞ ሞዴሉ ገበያ ላይ ከወጣበት ቀን ነው፤ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጠ «አዲስ» ስልክ ስንገዛ የማሻሻያ ዕድሜው ያለቀ ልንገዛ እንችላለን ማለት ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ከአንድሮይድ 5 በታች ባሉ ስልኮች ላይ መሥራት አቁሟል። የባንክ መተግበሪያዎችም ያረጀ ሲስተም አንቀበልም ማለት ጀምረዋል። ኤ16ን በጥቂት ሺህ ብር ጨምሮ የገዛ ሰው ለዓመቱ ሲካፈል ከርካሹ ያነሰ ነው የከፈለው። ይህን ስሌት መደርደሪያው ጀርባ ሆኖ የሚነግረን ሻጭ ብናገኝ ጥቂት ወር ታግሰን ዕቁቡን እንጠብቅ ነበር።

ርካሽ ስልክ በደህንነት በኩል ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያየነው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደህንነት ድርጅት ቴክኖ ደብሊው 2 በተባለ ርካሽ ሞዴል ላይ ትሪያዳ የሚባል ጎጂ ፕሮግራም ከሽያጭ በፊት ተጭኖ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶች ላይ ይመዘግበው ነበር፤ ሒሳቡን ከካርዱ ይበላል፣ ዳታውን ይጨርሳል። ችግሩ በብዛት ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አምራቹ ስህተቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ አካል ላይ አድርጎ ማስተካከያ ቀድሞ መልቀቁን ተናግሯል። ይሁን። ግን ካርዱ በምን እንደሚያልቅ ሳያውቅ «ቴሌ በላኝ» እያለ የኖረውን ሰው ማን ካሰው? የአሥር ብር ካርድ ሞልቶ የሚደውል ሰው ነበር እኮ።

«ታዲያ ያገለገለ ግዙ» ለሚሉን፣ ሞክረነዋል። ያገለገለ ስልክ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ሞዴል ከታማኝ ሰው ከተገኘ ከአዲሱ ርካሽ ይበልጣል። ገበያው ግን «ስላይትሊ ዩዝድ» በሚል ስም ሁሉንም ይሸጣል። ተከፍቶ የተጠገነው፣ ስክሪኑ የተቀየረው፣ ባትሪው የደከመው፣ ከዱባይ በጅምላ መጥቶ አዲስ ካርቶን የገባው ሁሉ አንድ ስም አለው። አዲስ ነው ተብሎ ላስቲኩ ሳይቀደድ የሚሸጥ ኮፒም አለ፤ ሴቲንግ ሲከፈት 256 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ ያለው ግን 16 ነው። *#06# ደውሎ የሚወጣውን የስልኩን መለያ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ማስተያየት ይረዳል፤ ኮፒ ሠሪው ግን ያንንም አስመስሎ ያትማል። ሌላው ፍርሃት ስልኩ የተሰረቀ እንዳይሆን ነው። በላቡ ያጠራቀመውን ብር ከፍሎ የሌላ ሰው እንባ መግዛት የሚፈልግ የለም፤ የሚያረጋግጥበት ቀላል መንገድ ግን በእጁ የለም።

ከውጭ በዘመድ የሚላከውም ከችግር አያመልጥም። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለች እህት ከራሷ ቆጥባ፣ መንገደኛ ለምና ስልክ ትልካለች። ስልኩ ሲደርስ ለአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም ብቻ የተቆለፈ ሆኖ ይገኛል፤ የእኛን ሲም አይቀበልም። አይፎን 14 እና ከእሱ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ጭራሽ የሲም ማስገቢያ ቦታ የላቸውም፤ የሚሠሩት ካርድ በሌለው ዲጂታል ሲም፣ በኢሲም፣ ብቻ ነው። ላኪዋ አታውቅም፤ ተቀባዩም ደውሎ «አልሠራም» ለማለት ያፍራል። ስጦታው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል ወይም «ለማስከፈት» ተብሎ ሌላ ገንዘብ ይወጣበታል። ውጭ ላላችሁ ወገኖቻችን፣ መላካችሁ ያኮራናል፤ ከመላካችሁ በፊት ግን ቁልፉ የተከፈተና ሲም የሚገባበት መሆኑን አረጋግጡልን።

ስልኩ ሲበላሽ ደግሞ ዋስትና ፍለጋ እንወጣለን። ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ሕጉ ግን ሌላ ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ግን አልወረደም። «የአንድ ዓመት ዋስትና» የሚል ካርድ ቢሰጣችሁም ስልኩን ይዛችሁ ስትሄዱ «ውሃ ገብቶታል»፣ «ወድቋል»፣ «ይሄ የሶፍትዌር ነው፣ አይሸፍንም» ይባላል። ሥራውን አስፈቅዶ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው በአራተኛው ይተወዋል። የድሃ ሰው መብት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በክርክር ተሸንፎ አይደለም፤ የታክሲ ገንዘብ አልቆበት ነው።

ስክሪን ሲሰበርም የጥገናው ዋጋ ከስልኩ ሲሶ፣ አንዳንዴም ግማሹን ይደርሳል። ለብዙ የማይታወቁ ሞዴሎች ስክሪኑ ራሱ አይገኝም። እዚህ ላይ ግን ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች አሉ። በየመንደሩ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ማጉያ መነጽርና ብየዳ ዘርግተው የሚቀመጡት ስልክ ጠጋኞች ከዚህ ገበያ ሰው ሁሉ ይልቅ እውነቱን ያውቃሉ። የትኛው ሞዴል ቻርጅ ማድረጊያው ቶሎ እንደሚላላ፣ የትኛው ባትሪው እንደሚያብጥ፣ የትኛው ስክሪን በቀላሉ እንደሚገኝ በእጃቸው አይተውታል። ሲጠየቁም ብዙዎቹ በቀጥታ ይናገራሉ፤ ስልኩን የሚሸጡት እነሱ አይደሉምና የሚደብቁት ነገር የለም። ከሻጩ በፊት ጠጋኙን መጠየቅ ብዙ ሰው አላስተዋለውም እንጂ ያለን ትልቁ ምክር ነው። ሐቀኛ ሻጮችም የሉም አልልም። ካርቶኑን ከፍተው፣ «ይሄ 4 ነው፣ 8 አይደለም፤ ከአቅምህ አትለፍ ግን ይህን አትውሰድ» የሚሉ አሉ። ደንበኛ ከእነሱ አይለይም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይላክላቸዋል።

የሚያሳዝነኝ ሸክሙ ሁሉ በገዢው ላይ መውደቁ ነው። «ራሙን እይ፣ ፕሮሰሰሩን አጣራ፣ ማሻሻያውን ጠይቅ፣ ባትሪውን ፈትሽ፣ አይኤምኢአዩን አስተያይ» እንባላለን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ ማታ ሁለት ሰዓት የምትገባ እናት ይህን ሁሉ መቼ ትማር? ዱቄት ለመግዛት የእህል ተመራማሪ መሆን አይጠበቅባትም፤ ለስልክ ግን መሐንዲስ ሁኚ ትባላለች። የሚያውቅ ወንድም ያላት ታመልጣለች፤ የሌላት ትበላለች።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስልክ በነጻ ስጡን አላልንም። ካርቶኑ ላይ እውነተኛው ራም ለብቻው ይጻፍ። የደህንነት ማሻሻያው የሚያበቃበት ዓመትና ወር፣ መድኃኒት ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን እንደሚጻፈው፣ በሚነበብ ፊደል ይታተም። ዋጋው ይለጠፍ፤ በደረሰኝም ያለ ደረሰኝም የሚባል ሁለት ዋጋ ይቅር። ያገለገለው ያገለገለ ይባል፤ የተቀየረበት ዕቃ ካለ ይነገር። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ያውርዱት። እነዚህ ሁሉ አዲስ ሕግ እንኳ ብዙ አይፈልጉም።

ሌላ የምንጠይቀው አካል አለ። አገልግሎቱን ሁሉ ወደ መተግበሪያ የሚያስገቡት ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሥራቸው መልካም ነው፤ ሰልፍ ቀንሶልናል። ነገር ግን መተግበሪያቸውን የሚሞክሩት በየትኛው ስልክ ነው? የሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ ሲፈጥን አይተው ካጸደቁት፣ 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ ሲንቀራፈፍና ሲዘጋ አያዩትም። በየወሩ 100 ሜጋባይት ማሻሻያ ካላወረዳችሁ አልከፈትም የሚል መተግበሪያ ደንበኛውን በተዘዋዋሪ አዲስ ስልክ ግዛ እያለው ነው። አገልግሎቱን ዲጂታል ያደረገ አካል ርካሹ ስልክ ላይም እንዲሠራ የማድረግ ግዴታ አለበት። እንደ *127# ያለው የአጭር ቁጥር አገልግሎትም «ጊዜው አልፏል» ተብሎ እንዳይዘጋብን፤ ስማርት ስልክ መግዛት ላልቻለው ወገናችን የቀረችው በር እሷ ናት።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ገበያ የምትወጡ ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ። እውነተኛው ራም ስንት ነው? የደህንነት ማሻሻያው እስከ መቼ ነው? ስክሪኑ ቢሰበር የት ይገኛል፣ በስንት? ሻጩ ካላወቀ እዚያው ፊታችሁ እንዲያጣራ ጠይቁት፤ ካልፈለገ አመስግናችሁ ውጡና ቀጣዩ ሱቅ ግቡ። አያሳፍርም። የያዛችሁት ብር ለእሱ የአንድ ቀን ገበያ ቢሆንም ለእናንተ የወራት ላብ ነው፤ ለላባችሁ የሚመጥን መልስ ሳታገኙ ብሩን አትልቀቁት።